ቋጠሮው የኔ፣ ቃሉ የማን

ኅዳር 12

እጄ ላይ ላደገው ወንድሜ ለግንበኛው፣ ለልጁም ለጸሐፊዬ፤

ሰላምታዬ ሳያንኳኳ ቤታችሁ ይግባ። ጉልበትህ ይጽና፣ ግድግዳህ አይዝመም፣ የልጅህ ዐይን አይድከም። እኔ ደህና ነኝ። የሆቴሉ እጥበት ክፍል ውስጥ እንደ ወትሮዬ የተቀደደ አንሶላ እጠግናለሁ። ሀብታም ተኝቶ ይቀዳል፣ እኔ ተቀምጬ እሰፋለሁ፤ እንዲህ ተባብረን እንኖራለን።

ይህን እየነገርኳቸው የሚጽፉልኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ ናቸው። የእናንተንም የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ክርና መርፌ የማወጣውም ከእሳቸው ነው፤ የአገራችን ሰው ስለሆኑ አይሰለቹኝም። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ደብዳቤው የኔ መሆኑን የምታውቁበት ዘዴ አበጅቻለሁ። እዚህ ሁላችንም በሰፋነው አንሶላ ጥግ የየራሳችንን ክር እንቋጥራለን። ስፌቱ ከተበላሸ ተቆጣጣሪዋ ቋጠሮውን ቆርጣ ትመልስልናለች፤ ማን እንዳጠፋ በዚያ ይታወቃል። እኔም ከዛሬ ጀምሮ በየደብዳቤው ጥግ ሰማያዊ ክር በእጥፍ እቋጥራለሁ፤ ልጅ ሳለህ የሸሚዝህን ቁልፍ የማስርበት ቋጠሮ ነው። ከኔ በቀር የሚያስረው የለም። ልጅህ ስንቴ ሞክራ አቅቷት አልቅሳለች። ቋጠሮው ካለ ቃሉ የኔ ነው፤ ከሌለ ምድጃ ውስጥ ክተቱት።

የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ ሰኔ ነው ብላችሁኛል። ከዚያም ዘጠነኛ ትግባ፣ ከዚያም ወዲያ ትሂድ። ይህ ልመና አይደለም ወንድሜ። እናቷ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ እኔን ነው። ለዩኒፎርሟ የሚሆን ጨርቅ እየፈለግኩላት ነው።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 20

ለእትዬ፤

የላክሽው ሰላምታ ደርሶ ቤቱን ሞልቶታል፤ የኛም ሳይጎድል ይድረስሽ። አባዬ እንዲህ እያለ ነው፤ እኔ እጽፋለሁ።

እትዬ፣ ኅዳር መጨረሻ ከመወጣጫው ላይ ወድቄ ወገቤ ተጎዳ። ድንጋይ ማንሳት ቀርቶብኛል፤ ቁጭ ብዬ ለወጣቶቹ ግንበኞች ግድግዳው እንዳይዘም ቱንቢ እጥላለሁ። አንድ ጉዳይም አለ። ባለ ወፍጮው ልጅቷን ለትዳር ጠይቆ ሽማግሌ ልኳል። የደብዳቤ ጸሐፊሽ የጋሼ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዘሩን አንቺም ታውቂዋለሽ። ቤቱ ሙሉ ነው ይባላል። እኔ እንደ ድሮው ብሆን አስቤም አላድር ነበር፤ አሁን ግን እኔ ብወድቅ ማን ያነሳታል እላለሁ። ቢሆንም ያላንቺ ቃል እሺም እምቢም አልልም። እትዬ ያለችው ይሆናል ብያቸዋለሁ።

የአባዬ እዚህ ላይ አበቃ። ከዚህ በታች የኔ ነው።

አክስቴ፣ «አይሆንም» የምትል አንድ ቃል ብቻ ላኪ። አባዬ በዓለም ላይ የሚፈራው አንቺን ነው። የሰውየው የፊተኛ ሚስት ከኔ ሁለት ክፍል ቀድማ ትማር የነበረች ልጅ ናት። አሁን ወላጆቿ ቤት ተመልሳለች። መንገድ ላይ ሰላም ስላት ጫማዬን እያየች ታልፋለች፤ ድሮ በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። እኔ መምህር መሆን እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ግን በጽሑፍ ነገርኩሽ።

ጸሐፊሽ

*

ጥር 28

ለተወደድከው ወንድሜ፤

ዕድሜህ እንደ ጥላ የሰፋ፣ ጎጆህ በሰው የተሞላ ይሁን። ደብዳቤህ ደርሶኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶ ነው።

የጠየቅኸኝን ነገር አሰብኩበት። ትምህርት መልካም ነው፤ ነገር ግን ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ለሴት ልጅ ይበቃታል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይላሉ አባቶች። ቤተሰቡን አውቀዋለሁ፤ የተከበሩ ናቸው። ወገብህ ከተጎዳ አይቀር ልጅቷን ለጨዋ ሰው ሰጥተህ ዕረፍ። ፈተናውን ከጨረሰች በኋላ ቢሆን መልካም ነው፤ ቀድሞ ቢሆንም ክፉ አይደለም። ለሠርጓ የሚሆን ጨርቅ ልኬያለሁ።

የሚጽፍልኝም ወዳጄ ሰላም ብሏል።

እህትህ

*

የካቲት 26

ለአክስቴ፤

በሩቅ ሆነሽ ለምታስቢልን ሁሉ ውለታሽ አይጥፋብሽ። አባዬ በመጠኑም ቢሆን ይራመዳል።

ደብዳቤሽን እንደ ደረሰ ለአባዬ አነበብኩለት። ሁለተኛ አንብቢው አለኝና ሁለተኛ አነበብኩለት። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያልሽውንም ሳልዘል አነበብኩ። አንድ ጊዜ ይህን ተረት የተረተ ሰው ላይ ጭልፋ እንደወረወርሽ አባዬ ሲያስታውስ ትንሽ ሳቀ፤ «ዕድሜ ሰውን ያበርዳል» አለ። ማግስቱን ለባለ ወፍጮው እሺ ብሎ ላከ።

ለሠርጌ ብለሽ የላክሽው ጨርቅ ደርሷል። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ከትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም ጋር አንድ ቀለም። ጠርዙ ላይ የኔ የወገብና የትከሻ ልክ በጠመኔ ምልክት ተደርጎበታል። እግዜር ይስጥልኝ።

የጥር ወሩ ደብዳቤ ቋጠሮ ወረቀቱን እየሳበ ሊቀደው ሆነ። ስለዚህ ቆርጬ ፖስታው ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ክር እንደሆነ አይጣልም።

ጸሐፊሽ

*

ሚያዝያ 6

ለጸሐፊዬ፤

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። እኔው ራሴ። መስመሩ ቢጎብጥ አትሳቂ። መርፌ የለመደ ጣት እስክሪብቶ ሲይዝ ሕፃን ይሆናል።

ካውያ የምትመታው ጓደኛዬ ከኅዳር ጀምሮ በምሳ ሰዓት ፊደል ታስቆጥረኛለች። ለማንም አልተናገርኩም። ሰኔ ላይ ስታልፊ «ጎበዝ» የምትለዋን ቃል በእጄ ጽፌ ላስደንቅሽ ነበር።

የካቲት የጻፍሽው ሲከፈት ቋጠሮዬ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጋሼ ሳቁ። ቆጣቢ ልጅ ናት አሉ። እኔ አልሳቅኩም። ቋጠሮዬ ተቆርጦ የሚመለስልኝ ሥራው ሲበላሽ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። ይህች ልጅ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ትለኛለች አልኩ።

ደብዳቤዎቻችሁን ከሣጥኔ አወጣሁ። የታኅሣሡን ለመጨረስ ዘጠኝ ምሳ ፈጀብኝ። ስለ ባለ ወፍጮው አንድ ቀን እንኳን አልተነበበልኝም። ወንድሜ መውደቁንም አልሰማሁም። የተነበበልኝ ዝናቡ ጥሩ መሆኑና ሁላችሁም ደህና መሆናችሁ ነው። አንቺ «አይሆንም በይ» ብለሽ የለመንሽበት ቦታ ላይ ሰውየው ቆም ብሎ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ጋሼ ማለት ከዛሬ ወዲያ ይቅርብኝ።

የካቲት የጻፍሽውንም አነበብኩት፤ እኔ ያልኩት «ጨርቁ ለዩኒፎርሟ ነው» ነበር። ሴት ቢያውቅ ብዬ ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያድርገው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔስ አፌም ባዳ ሆነብኝ። እሱ ወረቀቱ ላይ አንቺን ሲሰጥ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክር እቋጥርለት ነበር። ይህን ሳስብ እጄን እጠላዋለሁ።

ያ ቋጠሮ ዋሽቷል፤ ሁለተኛ አላስረውም። ይህ ደብዳቤ ቋጠሮ የለውም፤ በእጄ መጻፌ ይበቃል።

ወንድሜ ሆይ፣ አይሆንም። ልጅቷ ትማር።

መልሱን በጓደኛዬ አድራሻ ላኪው፤ ፖስታው ጀርባ ላይ አለ።

አክስትሽ

*

ሚያዝያ 29

አክስቴ፤

የእጅ ጽሑፍሽን ሳየው መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ አባዬ ሮጥኩ። መሮጥ አልነበረብኝም።

አነበብኩለት። ሰማኝና «ቋጠሮው የታለ?» አለኝ። በጣቱ አራቱንም ጥግ ዳሰሰ። የለም፣ ለምን እንደሌለም ጽፋልሃለች፣ ይኸው ብዬ ደግሜ አነበብኩለት። «እትዬ ፊደል አልቆጠረችም። ቋጠሮ ከሌለው ምድጃ ውስጥ ክተቱት ያለችው ራሷ ናት» አለ። እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ምድጃው ውስጥ ከተተው። የአንቺ የመጀመሪያ ጽሑፍ ለመቃጠል ጊዜ አልፈጀም።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አለኝ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያናግረኝ ዐይኔን አያይም።

እዚህ ቤት ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። የጥር ወሩ ደብዳቤ ሲመጣ «እትዬ አይሆንም ትላለች» ብዬ ባነብ ማን ያውቅብኝ ነበር? ወረቀቱን ይዤ ደጅ ላይ ቆሜ አስቤበታለሁ። ቋጠሮሽ ስላለበት ግን እንዳለ አነበብኩት። ያን ቀን ለክፉዬ እውነቱን ሳነብ ታመንኩ። አሁን ለደጌ እውነቱን ሳነብ ውሸታም ሆንኩ።

ሌላም አለ። ባለ ወፍጮው ከዚያ ከወንድሙ ደብዳቤ መጥቶለታል። በነጋታው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሠርጉ ሰኔ 6 ይሁን አሉ። ፈተናው ሰኔ 9 ነው። አባዬ ለምን ቸኮላችሁ ሲላቸው «ፈተና የሚፈተን ሥራ የሚፈልግ ነው፤ እሷ ሥራ አግኝታለች» ብለው ተሳሳቁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናቸው። ወፍጮ ቤት ስሄድም ሰውየው እህላችንን ከሁሉ ቀድሞ ይፈጭልናል። ሰው መንገድ ይለቅልኛል። መንገድ ሲለቁልኝ በጣም እፈራለሁ።

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤት ሆኜ ነው። የላክሽው ጨርቅ ገና አልተቆረጠም።

ጸሐፊሽ

*

ግንቦት 17

ወንድሜ፤

ጥጉን ዳስስ። አገኘኸው? እኔ ነኝ።

ላላስረው ምዬ ነበር፤ መሐላዬን ላንተ ስል አፈረስኩ። ክር ልጠይቅ መጋዘን ብሄድ ሰውየው በመስኮቱ ብቅ አለና «ሰማያዊ ክር አልቋል» አለኝ። ከኋላው መደርደሪያው ላይ ሦስት ጥቅል ይታየኛል። «ደብዳቤ ማጻፍ ተውሽ እንዴ? ደግሞ ሰሞኑን በምሳ ሰዓት አትታይም» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው። ስለዚህ ይህን ክር ከሥራ ሽርጤ ጠርዝ ላይ መዝዤ አወጣሁት። ጠርዙ ተተርትሯል፤ እሱም እየቆየ ያየዋል።

ወንድሜ፣ እኔ ፊደል ቆጥሬአለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ያምናል፤ ግን እውነት ነው። ያቃጠልከው የኔ ነበር። የጥር ወሩ ደብዳቤ ግን ቋጠሮው ብቻ የኔ ነው፣ ቃሉ የመጋዘኑ ሰውዬ ነው። ለወንድሙ ሚስት እየፈለገ ነበር።

አሁንም ይህን የምታነብልህ ልጅህ ናት፤ እንደገና ላታምናት ትችላለህ። እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ ግድግዳ ስትሠራ ዐይንህን አታምንም፤ ቱንቢ ትጥላለህ። ልጅህንም ያለ ቱንቢ ዘማለች አትበል። ይህን ደብዳቤና የፊተኞቹን ያዝና ወደ ከተማ ሂድ። ፖስታ ቤት ግባ። የማያውቅህ ሰው ያንብብልህ። ልጅህ ከነገረችህ አንዲት ቃል ብትለይ የፈለግኸውን አድርግ።

ሩቅ ነው፣ ወገብህም ያምሃል፤ አውቃለሁ። በኔ ሞት ሂድ።

እህትህ

*

ሰኔ 5

እትዬ፤

ይህን የሚጽፉልኝ የፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ያሉ ወይዘሮ ናቸው። ወረፋ ያለው ሰው ያጉረመርማል፤ እሳቸው ግን «ይናገሩ» ይሉኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ልጅቷ አነበበችልኝ። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ጥጉን ዳሰስኩት፤ አንቺ ነሽ። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ሦስቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። ሳልነግራት መውጣቴ አሁን ያስፈራኛል።

ወይዘሮዋ የትናንቱን አነበቡልኝ። ልጄ ያለችውን ቃል በቃል ሰማሁ። ከዚያ የኅዳሩን፣ ከዚያም የጥሩን አነበቡልኝ። የጥሩ ላይ ስንደርስ ወንበር አመጡልኝ። እትዬ፣ ልጄ ያን ቀን አንዲት ቃል አልቀነሰችም። ፊቴ ቆማ በገዛ አፏ ራሷን ስትሰጠኝ እኔ ደግሚው አልኳት። ደገመችው። የዚህችን ልጅ ቃል ነው ምድጃ ውስጥ የከተትኩት።

እሺ ማለቴን ልሽረው ነው። ግን ሠርጉ ነገ ነው፤ የባለ ወፍጮው ሰዎች ደግሞ ዛሬ ከቀትር በኋላ ቤቴ ይመጣሉ። ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት። እኔ አለመኖሬን ካዩ ነገ ድረስ ይጠብቃሉ ብዬ አላስብም። መንገዱ ለደህና ሰው ሦስት ሰዓት ነው፤ ስመጣ አምስት ፈጅቶብኛል። ወይዘሮዋ ሂዱ ይሉኛል። ሌላ

እኔ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። ሰውየው ሳይጨርሱ ወጥተዋል፤ ከዘራቸውንም እዚህ ረስተዋል። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው፣ ዝናብም ጀምሯል። ያሉትን እንዳሉት ልኬዋለሁ።

*

ሰኔ 21

አክስቴ፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት እንዳለሁ ልንገርሽ። አለሁ።

የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ባለ ወፍጮውና ሰዎቹ ስድስት ሆነው መጡ። አባቴ የት እንደሄደ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የባለ ወፍጮው እህት አዲስ ልብስ አውጥታ አለበሰችኝና ጸጉሬን ማበጠር ጀመረች። «ነገን ምን ያስጠብቃል? ዝናቡ ሳይጠና ብንወስዳት ይሻላል» አለች። መኪናው ውጭ ቆሞ ነበር። ሞተሩን አላጠፉትም። እኔ የማስበው ስለ ጨርቄ ነበር፤ ሳይቆረጥ ሊቀር ነው እያልኩ።

ጫማ ሲያደርጉልኝ አባዬ ገባ። ግድግዳውን ይዞ ነው የገባው። ከአናቱ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኗል። ከደረቱ ላስቲኩን አወጣ፣ ወረቀቶቹ ደረቅ ነበሩ። ለማንም ሰላም ሳይል ያንቺን የግንቦቱን ሰጠኝና «አንብቢ፣ ጮክ ብለሽ» አለኝ።

አነበብኩ። የመጋዘኑ ሰውዬ የሚለው ላይ ስደርስ ባለ ወፍጮው ተነሣ። አብሮት የመጣው አጎቱ ክንዱን ይዞ አስቀመጠውና ለአባዬ «እሷ የምታነበውን ማን አየላት? ለራሷ የሚመቻትን ትላለች» አለው። እኔ አቀርቅሬ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ አባዬም የሚያስበው ይህንኑ መስሎኝ ነበር።

አባዬ «ልጄ ስታነብ አትቀይርም። ራሷ ላይ ሲፈረድ እንኳን አልቀየረችም» አለ። ከዚያም በሩን ከፍቶ ቆመ። ስድስቱም እስኪወጡ ድረስ ሳይቀመጥ ቆመ። ባለ ወፍጮው በመጨረሻ ወጣ፤ አጠገቤ ሲደርስ ያለበሱኝን አዲስ ልብስ እንዳወልቅ በእጁ አመለከተኝ። «መንገድ ላይ እንገናኛለን» ብቻ ነው ያለው።

ፈተናውን ተፈትኛለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ጨርቁን ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ባስቀመጥሽው ልክ ሰፍታልኛለች፤ ትከሻው ትንሽ ሰፍቷል፣ የምሞላው ይመስለኛል።

ስላንቺ በጣም እሰጋለሁ። ሽርጥሽን አይቶት ይሆን? ካውያ ከምትመታው ጓደኛሽ ተለይተሽ አትሂጂ። አባዬ ጽሑፍሽ እንደ በሬ እርሻ የጎበጠ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። እንግዲያው በዚያ ትታወቃለች፣ ከዛሬ ወዲያ ቋጠሮ አያስፈልግም ብሏል።

ዘጠነኛ ክፍል ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ስለ ምዝገባ ልንጠይቅ ስንሄድ ባለ ወፍጮው ድልድዩ ላይ ቆሞ ነበር። ስንመለስም እዚያው ነበር፤ አጠገቡ ሁለት ሰው ጨምሯል። ሰላም አለን፤ አባዬም ሰላም አለው። ድልድዩ አንድ ብቻ ነው፣ ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ መስከረም ነው።

ይህን ስጽፍ አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። ለእትዬ ምን ልበልልህ ብለው፣ «እኔ ከፊት እሄዳለሁ በያት» አለኝ። እንዳለው ጻፍኩት፤ አልቀየርኩም።

ጸሐፊሽ